ባቅላባ የማን ነው? ስለ ሊጡ፣ ስለ ቅቤውና ስለ ሕጉ

እ.ኤ.አ. በ2006 የአውሮፓ ቀን ሲከበር በኦስትሪያ የወጣ አንድ ፖስተር ለየአባል አገሩ አንድ አንድ ጣፋጭ ሲያድል ባቅላባን ለቆጵሮስ ሰጠ። ወሬው ኢስታንቡል ሲደርስ የቱርክ ባቅላባ ሠሪዎች ተቃውሞ ወጡ። በ2013 ማብቂያ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ለቱርኳ ጋዚአንቴፕ (ባጭሩ አንቴፕ) ከተማ ባቅላባ የስም ጥበቃ ሰጠ፤ ብዙ ሰውም ባቅላባ በሕግ የቱርክ ሆነ ብሎ ተረዳው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የማን ነው?» ሲባል ሦስት ጥያቄዎች ባንድ ላይ ይጠየቃሉ። መጀመሪያ የሠራው ማን ነው? ዛሬ በምናውቀው መልክ ያበጀው ማን ነው? ስሙን በሕግ የያዘውስ? መልሳቸው አንድ ስላልሆነ ክርክሩ ማለቂያ ያጣል፤ አንዱ ስለ አንደኛው ሲናገር ሌላው ስለ ሦስተኛው ይመልስለታል።

ባቅላባ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

አራት ነገር ነው፦ እንደ ወረቀት የሳሳና የተነባበረ ሊጥ፣ በየንብርብሩ የሚገባ ቅባት፣ በመሐል የሚበተን የተፈጨ ለውዝ ነገር (ለውዝ ስንል እዚህ ኦቾሎኒ ብቻ ሳይሆን ዋልነት፣ ፒስታቺዮና አልሞንድም ነው)፣ ከተጋገረ በኋላ የሚጠጣው ሽሮፕ ወይም ማር። ከባልካን እስከ ኢራን፣ ከካውካሰስ እስከ አልጄሪያ ባቅላባ የሚባለው ሁሉ ከሞላ ጎደል እነዚህን አራቱን ይዟል። አገር ከአገር የሚለየው በእያንዳንዳቸው ላይ በሚደረገው ምርጫ ነው።

ስሱ ሊጥ በብዙ አገር ፊሎ ይባላል፤ ቱርኮች ዩፍካ ይሉታል። እርሾ የለውም። ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና ጥቂት ዘይት ነው፤ የጋዚአንቴፕ ባለሙያዎች እንቁላልም ይጨምሩበታል።

መጀመሪያ የሠራውስ?

እዚህ ላይ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገርን ሰው መጠራጠር ይሻላል። በኢንተርኔት ላይ አሦራውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው ክፍለ ዘመን ሠሩት የሚለው ታሪክ በብዛት ይደጋገማል፤ የሚደግፈው ጠንካራ የጽሑፍ ማስረጃ ግን አይቀርብለትም። ማስረጃ ያላቸው ዘመዶቹ ሌሎች ናቸው።

አንደኛው የሮማውያን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፖለቲከኛና ጸሐፊ ካቶ የሊጥ ገበታ ላይ የበግ አይብና ማር እያፈራረቁ ስለሚጋገር ኬክ ጽፏል። መነባበሩና ማሩ አለ፤ ለውዝ የለም፣ ሊጡም ስስ አልነበረም። ሁለተኛው የባግዳድ ነው። አባሲዶች የሚባሉት የእስልምና ኸሊፋዎች በሚገዙበት ዘመን፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉ የምግብ አሠራሮች ውስጥ ላውዚናጅ የሚባል ጣፋጭ ይገኛል፦ በጣም ስስ ቂጣ፣ የተፈጨ አልሞንድና ስኳር ተጠቅልሎበት፣ በጽጌረዳ ውሃ ያወደ ሽሮፕ የፈሰሰበት። ስስ ሊጥ፣ ለውዝና ሽሮፕ ባንድ ላይ ቢገናኙም እንደ ትሪ ባቅላባ አልተነባበሩም፤ ጥቅል ነው። ሦስተኛው ከመካከለኛው እስያ ይመጣል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ማሕሙድ አል ካሽጋሪ ያዘጋጀው የቱርክኛ መዝገበ ቃላት ስስ ቂጣንና የታጠፈ ስስ ቂጣን የሚጠሩ ቃላት መዝግቧል። ምድጃ ይዘው ሊዞሩ የማይችሉ ዘላኖች ስስ ቂጣ በምጣድ እያበሰሉ ማነባበራቸው የሚጠበቅ ነገር ነው። በአዘርባጃን የባኩ ባቅላባ ሊጡ ወፈር፣ ንብርብሩ አነስ ብሎ በየመሐሉ ለውዝ የሚገባበት በመሆኑ አንዳንድ የምግብ ታሪክ አጥኚዎች በዚያ የንብርብር ቂጣና በዛሬው ባቅላባ መካከል ያለ ድልድይ አድርገው ያዩታል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም «ይኸው ባቅላባ» ማለት አይቻልም። ሁሉም ግን ከአራቱ ነገሮች የተወሰኑትን ይዘዋል።

ታዲያ ቱርኮች ለምን «የእኛ ነው» ይላሉ?

በሁለተኛው ጥያቄ ጠንካራ መልስ ስላላቸው። በኢስታንቡል የኦቶማን ሱልጣኖች መኖሪያ በነበረው በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የወጥ ቤት መዝገብ ላይ ባቅላባ በ1473 ተመዝግቦ ይገኛል። በኋላም ቤተ መንግሥቱ ጣፋጩን የመንግሥት ሥርዓት አካል አደረገው። በረመዳን በ15ኛው ቀን ጃኒሳሪ የሚባለው የሱልጣኑ ቋሚ እግረኛ ጦር ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄዶ ለአሥር ወታደር አንድ ትሪ ሒሳብ ባቅላባ ይቀበልና በሰልፍ ተሸክሞ ወደ ሰፈሩ ይመለስ ነበር። ሥርዓቱ የቀረው ጦሩ በ1826 ሲፈርስ ነው።

ይህ ተራ የቤተ መንግሥት ወግ እንዳይመስል። በሺህ ለሚቆጠር ወታደር ባንድ ቀን ባቅላባ ማድረስ የሊጥ ባለሙያዎችን ትልቅ ቡድን፣ ተመሳሳይ ትሪና ተመሳሳይ መጠን ይጠይቃል። በየቤቱ በልማድ ይሠራ የነበረ ነገር ወደ ሙያ የሚለወጠው እንዲህ ነው። ከዋና ከተማው የወጣ አሠራር ደግሞ ከሹማምንት፣ ከነጋዴና ከወታደር ጋር ወደየግዛቱ ይሄዳል፦ ወደ ግሪክ፣ ወደ ቦስኒያ፣ ወደ ቡልጋሪያ፣ ወደ ሶርያና ሊባኖስ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ አልጄሪያ። ዛሬ ባቅላባ የሚበላበት ካርታ ከኦቶማን ግዛት ካርታ ጋር በሰፊው መግጠሙ ለዚህ ነው። ኢራን ግን ከዚያ ግዛት ውጭ ሆና የራሷ ባቅላባ አላት፤ በተለይ የያዝድ ከተማው። ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ብዙውን ያስረዳል እንጂ ሁሉንም አይጨርስም።

ከአገር አገር የሚለየው በምንድን ነው?

የጋዚአንቴፕ ባቅላባ ፒስታቺዮ ነው፤ ያውም ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ተለቅሞ አረንጓዴነቱና መዓዛው የጠነከረው። ቅቤው ከበግና ከፍየል ወተት የተነጠረ ሲሆን፣ ከለውዙ ሥር በሰሞሊና (ሻካራ የስንዴ ዱቄት) የተሠራ ስስ ክሬም ይገባል። ንብርብሩ 40 ገደማ ይደርሳል። ቅመም የለበትም፤ የአንቴፕ ሰው ቀረፋ ስታሸተው ለውዙ ያረጀ ስለሆነ መሸፈኛ ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል።

ግሪኮች በተቃራኒው በቀረፋና በቅርንፉድ ያምናሉ፤ ለውዛቸው ዋልነት ነው፣ ሽሮፑ ውስጥ ማር ይገባል። በክርስቶስ የምድር ዕድሜ ልክ 33 ንብርብር መሆን አለበት የሚሉም አሉ። አርመኖችም ዋልነት፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ይወዳሉ። ሶርያና ሊባኖስ የጽጌረዳ ወይም የብርቱካን አበባ ውሃ ሽሮፑ ላይ ያንጠባጥባሉ፤ ከትሪ ባቅላባው ሌላ የተጠቀለለ፣ እንደ ጎጆ የተሠራ፣ ጣት የሚያህል ብዙ ዓይነት ስላላቸው አንድ ሳጥን ሲገዛ ተደባልቆ ይመጣል። የኢራኑ የያዝድ ባቅላባ በአልሞንድና በሄል ይሠራል፣ ቁርጡም ትንንሽ ነው። ቦስኒያ ዋልነት ነው። በአዘርባጃን ኖውሩዝ ለሚባለው የፀደይ አዲስ ዓመት በዓል ይሠራል፤ በአልማዝ ቅርጽ ይቆረጥና በየቁራጩ ላይ አንድ ፍሬ ይሰካበታል።

ከሁሉ የሚለየው የዚያው የአዘርባጃን ሸኪ ከተማው ነው። ሊጡ የሚዳመጥ አይደለም፤ የሩዝ ዱቄት ብጥብጥ በጋለ ብረት ላይ እንደ ክር ፈሶ መረብ ይሠራል። መሐሉ ላይ ለውዝ ከሄልና ከድምብላል ፍሬ ጋር ይበተናል። ከአራቱ መለያዎች የመጀመሪያውን በራሱ መንገድ የተረጎመ ነው፤ ሃልቫ የሚሉት ቢኖሩም ባቅላባም ይባላል።

በ2013 ለቱርክ የተሰጠው ምንድን ነው?

የተሰጠው መልክዓ ምድራዊ ስያሜ የሚባል ጥበቃ ነው። አንድ ምርት ባሕርይውን ወይም ዝናውን ከአንድ አካባቢ ሲያገኝ የአካባቢው ስም ከምርቱ ጋር አብሮ ይጠበቅለታል። በአውሮፓ ኅብረት ሁለት ደረጃ አለ። ጥብቁ ምርቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያው አካባቢ እንዲከናወን ይጠይቃል፤ ላላ ያለው ቢያንስ አንዱ የምርት ደረጃ እዚያ እንዲሆን። የጋዚአንቴፕ ባቅላባ ያገኘው ሁለተኛውን ነው፤ በኅብረቱ መዝገብ የገባ የመጀመሪያው የቱርክ ምርትም እሱ ነው።

የተጠበቀው ስም «አንቴፕ ባቅላባ» ወይም «ጋዚአንቴፕ ባቅላባ» ነው። «ባቅላባ» ብቻውን አልተጠበቀም፤ ሊጠበቅም አይችልም፣ ምክንያቱም የጋራ ስም ነው። አቴንስ ያለ ዳቦ ቤት ዛሬም ባቅላባ ብሎ ይሸጣል፤ የተመዘገበውን አሠራር ሳያሟላ አንቴፕ ብሎ መጻፍ ግን አይችልም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የቡና ነው። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በውጭ አገር ለማስከበር ስትነሳ የመረጠችው የንግድ ምልክት መንገድን ነበር፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብም በ2007 በስምምነት አበቃ። ጉዳዩ «ቡና የኢትዮጵያ ነው፤ ሌላ አገር ቡና አይሽጥ» የሚል አልነበረም። ይርጋጨፌ ያልሆነ ቡና ይርጋጨፌ ተብሎ አይሸጥ፣ ከስሙም ገበሬው ይጠቀም የሚል ነበር። መንገዱ ቢለያይም የአንቴፕ ሰዎች ያገኙት ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

ዩኔስኮ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚመዘግበው ባህልን እንጂ የንግድ መብትን ባለመሆኑ ማንንም ባለቤት አያደርግም። በ2014 አርመን የላቫሽ ቂጣ አሠራሯን አስመዘገበች፤ በ2016 አዘርባጃን፣ ኢራን፣ ካዛክስታን፣ ኪርጊስታንና ቱርክ ላቫሽንና ዩፍካን ያካተተ የስስ ቂጣ ባህል በአንድ ማመልከቻ አብረው አስመዘገቡ። አንድ ዓይነት ቂጣ ሁለት ጊዜ በተለያዩ አገሮች ስም መግባቱ በዩኔስኮ አሠራር ችግር የለውም።

እንዴት ይሠራል?

የአንቴፕ ባለሙያዎች በርካታ የሊጥ ድቡልቡሎች በየመሐላቸው የስንዴ ስታርች እየነሰነሱ ደራርበው በቀጭንና ረጅም መዳመጫ ባንድ ላይ ያሳሱታል፤ ከሥሩ የተቀመጠ ጽሑፍ እስኪነበብ። ስታርቹ ገጾቹ እንዳይጣበቁ ያደርጋል፤ ዱቄት ቢሆን ሊጡ ውስጥ ገብቶ ያጠነክረው ነበር። ይህ የዓመታት ልምድ የሚጠይቅ ስለሆነ ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ፊሎ መግዛቱ የሚያሳፍር አይደለም።

ለ33 በ23 ሴንቲ ሜትር ትሪ፦ 450 ግራም ፊሎ፣ 400 ግራም ዋልነት ወይም ኦቾሎኒ፣ 310 ግራም ገደማ ቅቤ (ሲነጠር 250 ግራም ይቀራል)፣ ለሽሮፑ 400 ግራም ስኳር፣ 300 ሚሊ ሊትር ውሃና አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ።

የቀዘቀዘ ፊሎ ማታ ከማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳል፣ ጠዋት ሳይከፈት አንድ ሁለት ሰዓት ውጭ ይቀመጣል። ተቸኩሎ ከተፈታ ውጭው ረጥቦ ይጣበቃል፣ ውስጡ በረዶ ሆኖ ይሰባበራል። ከተከፈተ በኋላ በፕላስቲክ፣ ከዚያ በላይ በእርጥብ ፎጣ ይሸፈን፤ አምስት ደቂቃ አየር ካገኘ እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረካከሳል።

ቅቤው መነጠር አለበት፤ ያለ ቅመም። የተለመደው ንጥር ቅቤያችን ኮረሪማና ኮሰረት ስላለበት ለዚህ አይሆንም። ሳይነጠር የሚገባ ቅቤ ሁለት ጉዳት አለው፦ ውስጡ ካለው ክብደት ስድስተኛው ያህል ውሃ በመሆኑ ገጾቹን እያራሰ ያጣብቃቸዋል፤ የወተቱ ዝቃጭ ደግሞ በእሳቱ ጠቁሮ ነጠብጣብ ይሠራል፣ ይመራል። ቀስ ብሎ ማቅለጥ፣ አረፋውን መግፈፍ፣ ጥርት ያለውን ከላይ ቀድቶ ዝቃጩን መተው ነው።

ለውዙ እንደ ጥሬ ሩዝ ያህል ይድቀቅ። እንደ ዱቄት ከላመ ዘይቱ ወጥቶ ይቦካል፣ ሽሮፕ አያሳልፍም። ኦቾሎኒ ከሆነ ልጣጩ እስኪላቀቅ ብቻ ቀለል አድርጎ መቁላት ይበቃል፤ ምድጃ ውስጥ እንደገና ስለሚበስል ጠንክሮ የተቆላ መራራ ይሆናል።

የፊሎው ግማሽ ከታች፣ ለውዙ በመሐል፣ ቀሪው ከላይ ይነጠፋል፤ በየገጹ ቅቤ በብሩሽ ይቀባል። የአንቴፕ ባለሙያ በየገጹ አይቀባም፤ አንጥፎ ይቆርጥና የጋለ ቅቤ ከላይ ያፈስበታል። በሁለቱም መንገድ መቆረጥ ያለበት ሳይጋገር ነው፣ እስከ ትሪው ድረስ። ከተጋገረ በኋላ ቢላ ሲነካው ይሰባበራል፤ ሽሮፑም ወደ ታች የሚወርድበት ቦይ አያገኝም።

በ170 ዲግሪ፣ ከመሐል ዝቅ ባለው የምድጃ መደርደሪያ፣ ለ50 ደቂቃ ገደማ። ከላይ ወርቃማ ሆኗል ተብሎ አይወጣም፤ የጥጉን ቁራጭ በሹካ አንስቶ ታቹን ማየት ያስፈልጋል። ነጭ ከሆነ ገና ነው። ከላይ ጠቁሮ ከታች ጥሬ የሚሆነው እሳቱ ሲበዛ ወይም ትሪው ወደ ላይ ሲጠጋ ነው።

ሽሮፑ ለምን አስቸገረ?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ልዩ ችግር አለ። የውጭ አሠራሮች ሽሮፑ 104 ወይም 105 ዲግሪ እስኪደርስ ይፍላ ይላሉ። ቁጥሩ ግን በባሕር ወለል ከፍታ ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ አስቦ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የሚፈለገው ሙቀት 96 ወይም 97 ይሆናል። ቴርሞሜትር ይዞ 105 የጠበቀ ሰው አብዛኛውን ውሃ አትንኖ ከረሜላ ይሠራል፤ ባቅላባውም በማግሥቱ በስኳር ቅንጣት ይሸፈናል። ይበልጥ የሚታመነው ሚዛን ነው፦ በላይኛው መጠን ስኳርና ውሃው ሲጀመር 700 ግራም ነው፤ 600 ግራም ሲቀር ይወጣል። የድስቱን ክብደት አስቀድሞ መጻፍ እንዳይረሳ።

ስኳሩ እስኪሟሟ ይማሰል፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ ግን ማንኪያ አይግባበት። በድስቱ ጠርዝ የደረቀች ቅንጣት ተመልሳ ስትገባ ሌላውን ትጠራዋለች። ሎሚው የሚገባው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ አሲዱ የስኳሩን ከፊል ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ቀላል ስኳሮች ስለሚከፍለው መልሶ ቅንጣት እንዳይሠራ ያግዳል። ማር ተፈጥሮው እነዚህኑ የያዘ ስለሆነ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ማር የሚጨመር ከሆነ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይሁን፣ ከፈላ መዓዛው ይጠፋል።

አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ መሆን አለበት የሚለው ደንብ ለቤት አሠራር ትክክል ነው። ከምድጃ የወጣ ትሪ ላይ የቀዘቀዘ ሽሮፕ ሲፈስ ይጮሃል፣ ሊጡም ይጠጣል። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ሊጡን ያላሽቀዋል፤ ሁለቱም ከቀዘቀዙ ሽሮፑ ከላይ ይቀርና ከሥር ይጠራቀማል። የአንቴፕ ባለሙያዎች የፈላ ሽሮፕ በጋለ ትሪ ላይ ያፈስሳሉ፤ የሚያዋጣቸው ትሪውን እሳት ላይ እንዳለ ስለሚያፈሱና ትርፉ ውሃ እዚያው ስለሚተን ነው። በቤት ምድጃ ይህን መሞከር አይመከርም።

ከዚያ ሳይሸፈን ለስድስት ወይም ለስምንት ሰዓት ያህል ይቆይ። መሸፈን የለፉበትን ጥርሽታ በአንድ ሌሊት ያጠፋል።

በኦቾሎኒ የሚሠራው የእኛው ባቅላባስ ባቅላባ ነው?

በአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች ኦቾሎኒ የሚገባበት ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፒስታቺዮና ዋልነት ከውጭ የሚመጡና ውድ ሲሆኑ ኦቾሎኒ ከባቢሌ ይመጣል። በአራቱ መለያዎች ከተመዘነ የጎደለው የለም። የሸኪው የሩዝ መረብ ባቅላባ ከተባለ ይህን መከልከል አይቻልም፤ «የአንቴፕ» ወይም «የቱርክ» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈበት ግን ገዢው የመጠየቅ መብት አለው። ቤይሩት ወይም ጅዳ የሠሩ ሰዎች ባቅላዋ ብለው የለመዱት የብርቱካን አበባ ሽታ ከጎደላቸው፣ ጥቂት ጠብታ ሽሮፑ ሲቀዘቅዝ መጨመር ይቻላል።

ለጾም የሚፈልግ ሰው ቅቤውን በዘይት ይተካል፤ ይሁንና የፊሎው ማሸጊያ ላይ እንቁላልና ወተት አለመኖሩን ያንብብ። ዘይት ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ስለማይረጋ የጾሙ ባቅላባ እጅ ያወዛል፤ መጠኑን ወደ 200 ሚሊ ሊትር ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

ሲገዙ ምን ይታይ?

ሹካ ሲገባበት የሚሰማ ጥርሽታ፣ ከሥሩ የማይንጣለል ሽሮፕ፣ ከተበላ በኋላ ላንቃ ላይ የማይለጠፍ ቅባት። የለውዙ ቀለም በጣም ብሩህ አረንጓዴ ከሆነና ሽታ ከሌለው ቀለም የተነከረ ኦቾሎኒ ሊሆን ይችላል። ቱርኮች ቁራጩን ገልብጠው፣ ቅቤና ሽሮፕ የጠጣውን ታቹን ወደ ላንቃ አዙረው ይጎርሱታል። ቤት ከገባ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይቀመጥ፤ ቅቤው ይረጋል፣ ሊጡም እርጥበት ይስባል። ደረቅ ቦታ ላይ በወረቀት ለብሶ ሳምንት ገደማ ይቆያል።